«አንድ ክፍል ብቻ» ብሎ ማደር

ስለ አኒሜ የሚመጣው ጥያቄ ስለተጠራቀመ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ ለሙሉ ለእሱ ለቀነዋል። ለማያውቁት ባጭሩ፣ አኒሜ የጃፓን አኒሜሽን ነው፣ ማንጋ ደግሞ ብዙው አኒሜ የሚቀዳበት የሥዕል ታሪክ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የላኪዎቹን ስም ትተን ከተማቸውን ብቻ ጽፈናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ማታ ዶርም ገብቼ «አንድ ክፍል ብቻ አይቼ አነባለሁ» እላለሁ። ከዚያ የምሰማው የንጋቱን አዛን ነው። አሁን ናሩቶ ላይ ነኝ፣ ሚድ ፈተና ደግሞ ደርሷል። ይሄ ነገር ሱስ ነው? ጭራሽ ልተወው? — ከጅማ

መልስ፦ ሱስ ነው አይደለም የሚለውን ለሐኪም እንተወው። የገጠመህ ነገር ግን ግራ የሚያጋባ አይደለም። የጃፓን ቴሌቪዥን አንድ ክፍል የሚያሳየው በሳምንት አንዴ ነው። ክፍሉ ከነመግቢያና መውጫ ዘፈኑ 24 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የሠሪዎቹ ጭንቀት ተመልካቹ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት ተመልሶ እንዲመጣ ነው፤ ስለዚህ መጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ሰይፉ ይነሳና ሳይወርድ ይቋረጣል። ማንጋውም ያው ነው። ናሩቶ የወጣበት ሾነን ጃምፕ ሳምንታዊ መጽሔት ነው፣ አንባቢዎች የወደዱትን እየመረጡ ይልካሉ፣ ያልተወደደ ታሪክ ቶሎ ይቆረጣል። እንግዲህ ሰባት ቀን እንዲያቆይ ታስቦ የተተከለብህን ጉጉት አንተ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ትገላገለዋለህ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ሌላ ይተከልብሃል። እንዲህ ባለ ነገር ላይ «ራሴን እገዛለሁ» ማለት ብዙ አያዋጣም።

የሚያዋጣው ይሄ ነው፦ ክፍሉ ሲያልቅ ለማቆም አትሞክር። መሃሉ ላይ አቁም። አብዛኛው የቲቪ አኒሜ መሃል ላይ ለማስታወቂያ የሚቆረጥበት ቦታ አለው፤ የተከታታዩ ስም ወይም አንዱ ገጸ ባሕርይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እዚያ ጋ ዝጋውና ተኛ። መጀመሪያ ቀን ይደብራል። ግን መሃሉ ላይ መንጠቆ የለም፣ ያለው መጨረሻው ላይ ነው፣ እና ነገ ከዚያው ከመሃል ትጀምርና እንደገና መሃል ላይ ታቆማለህ።

ሒሳቡንም አንዴ ቁጭ ብለህ ሥራው። ናሩቶ 220 ክፍል ነው፣ ተከታዩ ሺፑደን 500። በ23 ደቂቃ ብታስበው 276 ሰዓት ይመጣል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ቅዳሜና እሁድ ሳትል ብታየው ከአንድ ወር በላይ ይፈጅብሃል። ደግነቱ ሁሉንም ማየት የለብህም። አኒሜው ማንጋውን ሲደርስበት ስቱዲዮው ጊዜ ለመግዛት ከራሱ የሚፈጥረው ታሪክ አለ፣ ፊለር የሚባለው። የመጀመሪያው ናሩቶ ከክፍል 136 እስከ መጨረሻው ድረስ አብዛኛው ፊለር ነው። ዝለለው። ፊለር ዘለልክ ብሎ የሚሟገትህ ካለ እሱ ሚድ የለበትም።

ጭራሽ ተወው አልልህም። ማንጋው ከ1999 እስከ 2014 ነው የወጣው። 12 ዓመት ገደማ ሆኖ የሚያስቸግር፣ ሰው የሚሸሸው ልጅ አግኝተህ ሲያድግ፣ መምህሩን ሲቀብር፣ ሲያገባ ታየዋለህ። እንዲህ ረጅም ጊዜ አብሮህ የሚቆይ ገጸ ባሕርይ ሌላ ቦታ ብዙ አታገኝም። ጣዕሙ እዚያ ነው፣ የሚያስነጋብህም እሱው ነው። ብቻ ሚድ እስኪያልፍ ስልኩን ለዶርም ልጅ ስጠው፤ አኒሜ የማያይ ልጅ ፈልግ ታዲያ።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ሥራ ስለምውል ስፔስቱን የሚባለውን የልጆች ቻናል እያየ ነው ያደገው፣ ካርቱን ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር። በቀደም ከኋላው ቆሜ ሳይ ራቁቱን የሆነ ግዙፍ ፍጡር ሰው ይበላል። በድንጋጤ ነው ስልኩን የነጠቅኩት። አብረውኝ የሚጸልዩ እህቶች የሰይጣን ሥራ ነው ይሉኛል። ሁሉንም ልከልክለው? — ከዱባይ

መልስ፦ እናታችን፣ መደንገጥዎ ልክ ነው። ከገለጻዎ አታክ ኦን ታይታንን ይመስላል፤ በጣም ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን የ13 ዓመት ልጅ ብቻውን የሚያየው አይደለም።

ግራ መጋባቱ የመጣው ከየት መሰለዎት? ስፔስቱን ከ2000 ጀምሮ አኒሜን በዓረብኛ እያስተላለፈ ነው። ድምፁ በብዛት የሚገባው ደማስቆ ውስጥ ነበር፤ ለልጅ አይሆንም የተባለው ትዕይንትም እዚያው ተቆርጦ ይወጣል፣ ንግግሩም ይለወጣል። በዚያ አካባቢ ያደገ ልጅ ሁሉ ካፒቴን ማጂድ ብሎ የሚጠራው ኳስ ተጫዋች ራሱ ጃፓናዊ ነው፣ ዋናው ስሙ ሱባሳ ነው። ልጅዎ አድጎ ኢንተርኔት ሲገባ ያልተቆረጠውን አገኘ። እርስዎ ግን አሁንም ያው ካርቱን መስሎዎታል።

በጃፓን ማንጋ የሚወጣው በአንባቢው ዕድሜና ፆታ በተለየ መጽሔት ነው። ሾነን የሚባለው በአሥራዎቹ ላሉ ወንዶች፣ ሾጆ ለልጃገረዶች፣ ሴይነን ለአዋቂ ወንዶች። ይሄን ማወቅ ይረዳል፣ ግን አይተማመኑበት፤ ያ ያስደነገጠዎት ታሪክ ራሱ ሾነን ከሚባሉት መጽሔቶች በአንዱ ነው የወጣው። ሥዕል መሆኑም ምንም አይነግርዎትም። ስቱዲዮ ጊብሊ በሚያዝያ 1988 ሁለት ፊልም በአንድ ቀን፣ አንድ ላይ አወጣ። አንደኛው ማይ ኔበር ቶቶሮ ነው፣ የአራት ዓመት ልጅ እየሳቀች ታየዋለች። ሁለተኛው ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እናታቸውን ያጡ ወንድምና እህት በረሃብ ሲያልቁ ያሳያል። ይሄንን አይቶ እንቅልፍ የሚወስደው አዋቂ እንኳ ጥቂት ነው።

ስለ ሰይጣኑ። ጃፓኖች የወንዝ፣ የዛፍ፣ የተራራ መንፈስ የሚባሉ ነገሮች ያሉበት የቆየ እምነትና ብዙ ተረት አላቸው፣ ሺንቶ ከሚባለው እምነታቸው ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ አኒሜ የሚቀዳው ከዚያ ነው። ሃይማኖት ሊሰብኩበት የሠሩት አይደለም። ቢሆንም የቤትዎ እምነት አይፈቅድም ካሉ ያ የእርስዎ ውሳኔ ነው፣ እኔ ልሟገትዎ አልችልም።

እኔን ከአጋንንቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ብዙ አኒሜ ውስጥ፣ ታሪኩ ምንም ሳያስፈልገው፣ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ሰውነታቸውን ለማሳየት ብቻ ሲሳሉ ይታያል። አድናቂው «እንደዚያ ነው ባህሉ» እያለ ያልፈዋል። እኔ አላልፈውም፣ ነውር ነው፤ የጃፓን ተመልካቾችም ራሳቸው የሚቃወሙት አሉ። የ13 ዓመት ልጅ ሴትን ማየት የሚማረው ከዚያ እንዲሆን አይፈልጉም።

ሁሉንም ቢከለክሉ ጓደኛው ቤት ያየዋል። ይልቅ ስሙን ይጠይቁት፣ የዕድሜ ደረጃውን አብራችሁ ፈልጉ፣ ያላለፈውን ይከልክሉ። ካለፈው ደግሞ አንዱን አብረው ይዩ። «ይሄኛው ማነው? ለምን ተጣሉ?» ይበሉት። ሲያስረዳዎት ምን እንደሚያይ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያስብም ይሰማሉ። ስፒሪትድ አዌይ ለመጀመሪያ ጥሩ ነው፤ ወላጆቿን ልታስለቅቅ ተቀጥራ የምትሠራ የአሥር ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ሰው አገር ሠርቶ ለሚያድር ሰው የሚነግረው ነገር ያለ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው፣ ባንክ ነው የምሠራው። ምሳ ሰዓት ላይ አኒሜ ስከፍት «አሁንም ካርቱን?» እያሉ ሙድ ይይዙብኛል። ምን ልበላቸው? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ምንም። ስፒሪትድ አዌይ በ2003፣ ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄረን በ2024 ኦስካር ወስደዋል ብለህ ልትከራከር ትችላለህ። በ2020 የወጣው የዲመን ስሌየር ፊልም በጃፓን ሲኒማ ታሪክ ገቢው አንደኛ ሆነ ብለህ ልትጨምር ትችላለህ። ግን በምሳ ሰዓት ማስረጃ የሚደረድር ሰው የበለጠ ይሳቅበታል። እነሱም ማታ የቱርክ ድራማ ነው የሚያዩት፣ ተዋቸው።

ጥያቄ፦ ክፍሌ በፊገር፣ በአኒሜ ገጸ ባሕርይ አሻንጉሊት፣ ተሞልቷል። ባለፈው ኦታኮን በሚባለው የአኒሜ አድናቂዎች ጉባኤ ላይ ያጠፋሁትን ገንዘብ ለእናቴ መናገር አልችልም። ስልኬ ላይ ደግሞ የአኒሜ ጌም አለ፣ ገጸ ባሕርይ ለማውጣት እከፍላለሁ። አንዳንዴ ግን «ቢያንስ ለሠሩት ሰዎች ይደርሳቸዋል» ብዬ እጽናናለሁ። እውነት ነው? — ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ በብዛት አይደርሳቸውም። ይቅርታ።

አኒሜ ሲሠራ አሳታሚው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ የአሻንጉሊት ኩባንያው፣ የሙዚቃ ኩባንያው ገንዘብ አዋጥተው አንድ ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ትርፉን የሚካፈሉት እነሱ ናቸው። ሥዕሉን የሚሠራው ስቱዲዮ ብዙ ጊዜ የተቆረጠ ክፍያ ተቀብሎ ይወጣል፤ አኒሜው ዓለምን ቢያዳርስም ለሰዓሊው የሚጨመር ነገር ላይኖር ይችላል። ጀማሪዎቹ፣ በሁለት ዋና ሥዕሎች መካከል ያለውን እንቅስቃሴ የሚሞሉት፣ የሚከፈላቸው በሥዕል ቁጥር ነው፣ ለአንዱ 200 የን አካባቢ። በቀን ስንት ሥዕል ቢሠሩ የቶኪዮን የቤት ኪራይ እንደሚችሉ አንቺው አስቢው።

የአሻንጉሊቱ ነገር ደግሞ ዛሬ የመጣ አይደለም። የማንጋ ሰዓሊው ኦሳሙ ቴዙካ በ1963 አስትሮ ቦይን ለቴሌቪዥን ያቀረበው ከሚያስወጣው በታች በሆነ ዋጋ ነበር፣ የጎደለውን በዕቃ ሽያጭና ከውጭ አገር በሚመጣ ገንዘብ ሊሞላው። ዋጋው እንደዚያ ዝቅ ብሎ ጀመረ፣ ኢንዱስትሪውም አብሮት ዝቅ ብሎ ቀረ ብለው ዛሬም የሚወቅሱት አሉ። ስለዚህ መደርደሪያሽ ላይ ያለው ፊገር የአኒሜው ተረፈ ምርት አይደለም፤ አኒሜው ነው ብዙ ጊዜ የፊገሩ ማስታወቂያ የሚሆነው።

ከሁሉም በፊት የማስጠፋሽ ጌሙን ነው። ፊገር ቢያንስ ስትገዢ ዋጋው ተጽፏል፣ ስትቸገሪም ትሸጪዋለሽ። ጋቻ፣ እንዲህ ከፍለሽ ገጸ ባሕርይ የምታወጪበት ጌም፣ ግን ዕጣ ነው፤ የምትፈልጊው እስኪወጣ ስንት እንደምትከፍይ አታውቂም። ጃፓን ራሷ በ2012 አንደኛውን ዓይነት፣ የወጡልሽን ዕጣዎች ሙሉ ስብስብ ካደረግሽ ሌላ ሽልማት የሚሰጠውን፣ ሕገወጥ ብላዋለች። ካርድሽን ከስልኩ አውጪ። ዛሬ።

ኦታኮንን ግን አትተዪ። በ1994 ፔንስልቬንያ ተጀምሮ፣ ባልቲሞር ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ከ2017 ጀምሮ ዋሽንግተን ዲሲ እናንተ ደጅ ነው ያለው። ሄደሽ ከሰዎቹ ጋር መዋል ነው የእሱ ጥቅም፤ የምታወጪውን በጥሬ ገንዘብ ይዘሽ ግቢ፣ ሲያልቅ አለቀ። ኮስፕሌይም፣ ገጸ ባሕርዩን መስለሽ የምትለብሺው ልብስ፣ ከገዛሽው ይልቅ ራስሽ የሰፋሽው ያምራል።

ደግሞ የአድናቂ ገንዘብ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል ማለቴ አይደለም። ኪዮቶ አኒሜሽን ሰዓሊዎቹን በደመወዝ ቀጥሮ በማሠራት የሚታወቅ ስቱዲዮ ነው። ጁላይ 18 ቀን 2019 «ጽሑፌን ሰርቃችሁኛል» የሚል ሰው ገብቶ ቤንዚን አርከፍክፎ አቃጠለው፣ 36 ሰው ሞተ። ከመላው ዓለም የተዋጣው ገንዘብ ከ3 ቢሊዮን የን አለፈ፤ ለተጎጂዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው የሄደው። ያንን ዜና ካነበብኩ ወዲህ አንድ ክፍል ዘገየ ብለው ስቱዲዮ የሚሳደቡ ልጆችን ስሰማ ጨጓራዬ ይቃጠላል። የምትሳደቡት እኮ ሌሊት ቁጭ ብሎ የሚስል ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም የማየው ከቴሌግራም ነው። አንድ ጓደኛዬ ሌባ ነህ አለኝ። ነኝ እንዴ? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሕጉን ከጠየቅክ፣ አዎ፣ ያለ ፈቃድ የተጫነ ነው። ግን እዚህ አገር በየወሩ በዶላር የሚከፍል ካርድ ስንቱ ኪስ ውስጥ አለ? ጓደኛህ ካለው እሰየው። ትልቁ ሕጋዊ የአኒሜ ማሳያ ክራንቺሮል ራሱ እኮ በ2006 ሲጀምር አድናቂዎች ያለ ፈቃድ የሚጭኑበት ገጽ ነበር፤ ኋላ ፈቃድ እየገዛ ሕጋዊ ሆነ፣ በ2021 የሶኒ ሆነ። እናም በዚህ መንደር ድንጋይ የሚወረውር ሰው ብዙ የለም።

አንድ ደህና ነገር ልንገርህ። የሾነን ጃምፕ አሳታሚ ሹኤይሻ ከ2019 ጀምሮ ማንጋ ፕላስ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለው። የብዙ ታሪኮችን የመጀመሪያዎቹንና የቅርቦቹን ምዕራፎች በእንግሊዝኛ፣ ጃፓን በወጡበት ቀን፣ ያለ ክፍያ ታነባለህ። ሕጋዊ ነው፣ ፓኬጅህንም እንደ ቪዲዮ አይጨርስም። ከቴሌግራሙ ይልቅ የምፈራልህ እነዚያን ገጾች ነው፣ አንዴ ስትነካቸው አምስት መስኮት የሚከፍቱትን። «ይሄን ካልጫንክ አይታይም» ካለህ ውጣ።

ጥያቄ፦ እዚህ የአኒሜ ቡድን አለን፣ ወንዶቹ ይበዛሉ። አኒሜ እወዳለሁ ባልኩ ቁጥር ፈተና ይጀምራሉ፤ የእንትና ሰይፍ ስም ማነው፣ ስንተኛው ክፍል ላይ ነው የሞተው። ካልመለስኩ «ፋራ፣ ቲክቶክ አይተሽ ነው» ይሉኛል። ልውጣ? — ከነታንያ

መልስ፦ ከመውጣትሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ። ፉልሜታል አልኬሚስትን ማን ጻፈው? «ሂሮሙ አራካዋ» ይላሉ በኩራት። ወንድ ነው ሴት በያቸው። ሴት ናት፤ ሆካይዶ የወተት ላሞች እርሻ ላይ ያደገች፣ የብዕር ስሟን የወንድ ያደረገች። ራንማንና ኢኑያሻን የጻፈችው ሩሚኮ ታካሃሺም ሴት ናት። ቶኪዮ ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚደረገው ትልቁ የአድናቂዎች ገበያ ኮሚኬት በ1975 ሲጀመርም ከመጡት አብዛኞቹ ልጃገረዶች ነበሩ። ቤቱ የእናንተም ነው እንግዲህ፣ በር ላይ ቆመው መታወቂያ የሚጠይቁት ዘግይተው የመጡ ናቸው።

ይሄን የፈተና አባዜ አውቀዋለሁ። አንድ ልጅ ሌላ የሚኮራበት ነገር ሲያጣ ያየውን ክፍል ብዛት እንደ ማዕረግ ይይዘዋል፣ ሌላ ሰው በአንድ ሳምንት ሲገባበት የተነጠቀ ይመስለዋል። ብታዝኝላቸው ጥሩ፣ ግን ማዘን ግዴታሽ አይደለም። ሦስት የሚያወሩ ልጆች ፈልጊና የራሳችሁን ክፈቱ። ስፖይለር የሚለቅን፣ ያላየሽውን ታሪክ መጨረሻ የሚነግርሽን፣ ከቡድን ማስወጣት ግን ፍትሕ ነው፣ እሱን ደንብ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ሰብታይትል (ከሥር የሚጻፍ ትርጉም) ወይስ ደብ (በሌላ ቋንቋ የተተካ ድምፅ)? — ከደሴ

መልስ፦ የሚመችህ። የጃፓን ድምፅ ተዋንያን ድንቅ ናቸው፣ ሰብታይትል እያነበብክ ግን ሥዕሉ ያመልጥሃል። በአማርኛ የሚያምር ደብ ቢመጣ እኔ መጀመሪያ ነኝ የምሰለፈው፤ ቃና በ2016 ሲጀምር የባዕድ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ቤት ለቤት እንደሚገባ አይተናል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ከአኒሜ በለቀምከው ጃፓንኛ ጃፓናዊ አለቃህን አታናግር። እነዚያ ጀግኖች የሚነጋገሩት በጠብ ቋንቋ ነው፣ ሽማግሌውንም «አንተ» እያሉ።

ጥያቄ፦ አኒሜ አይቼ አላውቅም። ባለቤቴ አድናቂ ነው፣ አብሬው ማየት እፈልጋለሁ። እሱ ዋን ፒስን እንጀምር ይላል። እውነት ከእሱ ልጀምር? — ከሐዋሳ

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ዋን ፒስ ከጥቅምት 1999 ጀምሮ እየታየ ነው፣ ከ1,100 ክፍል አልፏል፣ ገና አላለቀም። ባልሽ ይወድሻል ማለት ነው፣ ረጅም ዓመት አብረን እንኖራለን እያለሽ ነው፣ ግን ለጅማሬ አይሆንም።

ያለቀ ነገር ምረጪ። አንድ ምሽት ካላችሁ ቶቶሮ። ወንጀልና ብልጠት ከወደድሽ ዴዝ ኖት፣ 37 ክፍል ነው፤ ከመሃሉ በኋላ ይወርዳል፣ እሱ አይወርድም ብሎ ይከራከርሻል፣ አትስሚው። ሙዚቃ ከወደድሽ ካውቦይ ቢባፕ፣ 26 ክፍል፣ ጃዙን ብቻ ብትሰሚው እንኳ አትከስሪም። ለእኔ ምርጡ ግን ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ ነው። 64 ክፍል፣ መጀመሪያ ያለው፣ መጨረሻ ያለው። የሞተች እናታቸውን ሊመልሱ ሞክረው ሰውነታቸውን የከፈሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍሎች ይሮጣሉ፣ ታገሺ። ክፍል አራትን ግን ራት ከበላችሁ በኋላ ይሁን፣ ልጆቹም ተኝተው።